ሬቲኩሎሳይት ሳይቆጠር “ደም ማነስ” ብሎ መሸኘት ይቁም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እናንተን ስለሚመለከት ላይክ ገጭታችሁ እንዳታልፉኝ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ መልስ ስጡኝ።

“ደም ማነስ አለብህ” ማለት “ትኩሳት አለብህ” እንደ ማለት ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው መንስኤው ምንድን ነው ሳይሉ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መሸኘት ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሄሞግሎቢኑ 7 የሆነን ሰው ግን አይረን ጽፎ፣ “ቀይ ሥርና ጎመን ብላ፣ ምስር ከቤትህ አይጥፋ” ብሎ መሸኘት እንደ ሙሉ ሕክምና መቆጠር ከጀመረ ቆየ። ለምን 7 ሆነ? መቅኒው ማምረት አቅቶት ነው ወይስ የተመረተው እየፈሰሰና እየፈረሰ ነው? ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት የሚመልስ አንድ ምርመራ አለ። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው። ሁላችሁም ተምራችሁታል፣ ተፈትናችሁበታል፣ አንዳንዶቻችሁም ወድቃችሁበታል። የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ ይባላል።

እና የት ገባ? እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ፤ “እኛ ጋ አይሠራም” ይሏችኋል። ትኩሳት ላለበትም፣ ለደከመውም፣ ወገቡን ላመመውም ዊዳል ይታዘዛል። “ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ” ተብሎ የማያውቅ የአገሬ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በአንድ ናሙና ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙም እንደማያስተማምን ስንት ዓመት ተነግሯል፣ ተጽፏል። እሱ ግን ሞልቶ ተርፏል። ደረጃ መውጣት አቅቶት መሐል ላይ ለሚቀመጠው ሰው አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ጠፋች።

ከሙያው ውጪ ለሆናችሁ ነገሩን ላፍታታው። ቀይ የደም ሴል የሚሠራው አጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ 120 ቀን ያህል ይኖርና ሲያረጅ ጣፊያና ጉበት ይለቅሙታል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ከመቶው አንድ ያህሉን ይተካል። አዲስ የሚወጣው ሴል ኒውክለሱን እዚያው መቅኒ ውስጥ ጥሎ ይመጣል፤ ሄሞግሎቢን ሲሠራበት የነበረው የአርኤንኤ ትራፊ ግን ገና ውስጡ አለ። ይህ ትራፊ ኒው ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም ሲቀለም እንደ መረብ ሆኖ ይታያል። ሬቲኩሎሳይት የሚለው ስም ራሱ “ትንሽ መረብ” ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሴሉ አንድ ቀን ያህል ደም ውስጥ ሲዘዋወር መረቡ ይጠፋና ጎልማሳ ይሆናል።

“ያልበሰለ ቀይ የደም ሴል” የሚለውን ትርጉም አልወደውም። ያልበሰለ ሲባል የሆነ ጉድለት ያለበት ይመስላል። እኔ ክፍል ውስጥ “ለጋ” ነበር የምላቸው፤ ለጋ በቆሎ፣ ለጋ ቅቤ እንደምንለው። አዲስ ነው እንጂ ብልሽት የለበትም።

አሁን መሶቡን አስቡት። ቤት ገባችሁ፣ መሶቡ ጎድሏል። ወይ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ወይ እንግዳ በዝቶ ጨርሶታል። የመሶቡን ጉድለት ብቻ አይቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። እጃችሁን ሰደድ አድርጋችሁ ትኩስ እንጀራ አለ ወይ ብላችሁ ትዳስሳላችሁ። ትኩስ ከሞላ ጋጋሪዋ ሥራ ላይ ናት፤ ችግሩን ከበላተኛው ዘንድ ፈልጉ። ትኩስ ከሌለ ጓዳ ግቡ፦ ዱቄት አልቆ ነው? ማገዶ ጠፍቶ ነው? ወይስ ምጣዱ ራሱ ተሰንጥቋል? ሬቲኩሎሳይት ትኩሱ እንጀራ ነው። አይረን፣ ፎሌትና ቢ12 ዱቄቱ ናቸው። ከኩላሊት የሚላከው ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው ሆርሞን ማገዶው ነው። መቅኒው ምጣዱ ነው። ለተሰነጠቀ ምጣድ ዱቄት መጨመር ምን ይባላል? በየቀኑ የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በመኸር ጊዜ ለቀን ሥራ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ይመጣል። ሄሞግሎቢኑ ወርዷል። “ምግብ አጥቶ ነው” ይባልና አይረን ይጻፍለታል። ከሲቢሲው ላይ ነጭ ሴሉና ፕላትሌቱም አብረው መውረዳቸውን ማንም አላየም። ሬቲኩሎሳይቱ ቢቆጠር ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር፤ ሦስቱም ሲወርዱና ለጋው ሲጠፋ ደግሞ ጥያቄው ወደ መቅኒውና ወደ ጣፊያው ይዞራል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው ላይ ካላ አዛር ሳይታሰብ መታለፍ የለበትም። ካላ አዛር ካልታከመ ይገድላል፤ አይረን ደግሞ አይነካውም። ዚዶቩዲን የሚወስድ የኤችአይቪ ታካሚም አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ መቅኒውን ሊጫነው ይችላል። ኩላሊቱ የደከመም አለ። ለእነዚህ ሁሉ “ጎመን ብላ” እያልን ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። አንዲት ሴት ገርጥታለች፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ቢጫ ዓይን አገራችን ውስጥ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፦ የወፍ በሽታ። ወይ ሥር ወደሚምሰው ሰው ትወሰዳለች፣ ወይ የሄፓታይተስ ምርመራ ተሠርቶ “ነፃ ነሽ” ትባላለች። ሬቲኩሎሳይት ቢቆጠር 18 ከመቶ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ያኔ ጉበቷ ሳይሆን ደሟ እየፈረሰ መሆኑ ይጠረጠራል። ቢጫው የመጣው ከፈረሰው ሄሞግሎቢን ነው። ከዚያ ኩምብስ፣ ኤልዲኤች፣ ቀጥተኛ ያልሆነው ቢሊሩቢን እያለ መንገዱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው በር ካልተከፈተ ግን ሌሎቹ በሮች መኖራቸውም አይታወቅም። ደግሞ ለጋ ሴል ከጎልማሳው በመጠን ተለቅ ስለሚል፣ ብዛቱ ሲጨምር ማሽኑ የሚሰጠው ኤምሲቪ ከፍ ይላል። ይህን ያየ ሰው “ቢ12 አንሷት ነው” ብሎ መርፌ ይጀምራል። እንዲህ ነው ስህተት ስህተትን የሚወልደው።

እሺ፣ አንዳንድ ቦታ ይሠራል። እዚያ ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ፤ በመቶኛ ብቻ ጽፎ መላክ። “ሬቲኩሎሳይት 3 ከመቶ፣ መደበኛው ከ0.5 እስከ 2.5፣ ከፍ ብሏል” ይላል ወረቀቱ። ሐኪሙም “መቅኒው እየሠራ ነው” ብሎ ያልፋል። የታካሚው ሄማቶክሪት ግን 15 ነው! መሶቡ ውስጥ አሥር እንጀራ ብቻ ቀርቶ አንዱ ትኩስ ቢሆን “አሥር ከመቶ ትኩስ ነው” ብላችሁ ደስ ይላችኋል? ስለዚህ ይታረማል፦ 3 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ45፣ 1 ከመቶ ይሆናል። ገና አላለቀም። እንግዳ ሲበዛ እንጀራው ሰፌድ ላይ ሳይበርድ በቀጥታ ወደ መሶቡ ይገባል። መቅኒውም ሲጨንቀው ለጋዎቹን ቀድሞ ይለቃቸዋል፤ ደም ውስጥ አንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ቀን ለጋ ሆነው ይቆያሉ። ምርቱ ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ይጨምራል ማለት ነው። ሄማቶክሪቱ 15 ለሆነ ሰው ስለዚህ 1ን ለ2.5 እናካፍላለን፤ 0.4። ሲያንስ ሲያንስ ከ2 በላይ፣ በደንብ ሲሠራ ከ3 በላይ መሆን የነበረበት ቁጥር 0.4 ሆነ። “ከፍ ብሏል” የተባለው መቅኒ እውነቱን ለመናገር ቆሟል።

ከላይ ያልኳትን ሴት ሄማቶክሪት 25 ብንለው ደግሞ፣ 18 ሲባዛ በ25 ሲካፈል ለ45፣ 10 ይሆናል። በዚያ ደረጃ ማካፈያው 2 ስለሆነ 5 ይወጣል። የእሷ መቅኒ ሌት ተቀን ምጣድ ላይ ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ “ከፍ ብሏል” ተብሎ በአንድ ቃል ተጽፎላቸዋል። ልጆች፣ ይህን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቴ ሠራነው? ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ እኮ!

ወባ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ አገራችን ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ያለባት ናት። ቫይቫክስ ለጋዎቹን ቀይ ሴሎች መርጦ ነው የሚገባው፤ ስላይድ ላይ የተውሳኩ ብዛት ብዙ ጊዜ አነስተኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጉበት ውስጥ ያደፈጠውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይሰጣል። ፕሪማኩዊን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የጎደለበትን ሰው ደም ሊያፈርስ ይችላል። ሰውየው ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ ይመጣል፣ በዚያው ቀን ጂ6ፒዲ ይለካለታል፣ “ደህና ነው” ይባላል። ለምን? አሮጌዎቹ ሴሎች ኢንዛይሙ አልቆባቸው ፈርሰዋል፤ የቀሩትና አዲስ የወጡት ለጋዎች ደግሞ ኢንዛይም በተሻለ መጠን አላቸው። የለካነው የተረፉትን ነው። ያንን ውጤት ተማምኖ መድኃኒቱን እንደገና መስጠት አደጋ ነው። ሬቲኩሎሳይቱ አብሮ ቢቆጠርና ከፍ ማለቱ ቢታይ “ይህን ጂ6ፒዲ አትመኑ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይደገም” የሚል ማስታወሻ ከላብራቶሪ ይወጣ ነበር። ከባድ ወባ ይዞት በአርቴሱኔት መርፌ የታከመ ሰውም ከሳምንት በላይ ቆይቶ ደሙ ሊፈርስ ስለሚችል፣ “ድኗል” ተብሎ ከወጣ በኋላ ሄሞግሎቢኑን መከታተል ያስፈልጋል። ዘግይቶ ሲገረጣም እንደገና “ደም ማነስ” ብሎ አይረን ከመጻፍ በፊት ለጋዎቹን ማየት ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ፤ በውስጥ መስመር የሚላክልኝ ፎቶ ግማሹ እሱ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ፣ ውጤቱ ሐኪሙ ሳያየው ስልካችሁ ላይ ይገባል። “ኢማቹር” የሚል ቃል በቀይ ተጽፎ ታያላችሁ፣ ቲክቶክ ትከፍታላችሁ፣ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ “ያልበሰለ ሴል የደም ካንሰር ምልክት ነው” ይላል፣ ሌሊቱን ስታለቅሱ ታድራላችሁ። ጋውን የለበሰ ሁሉ ደም አያነብም!

ቃሉ አንድ ቢሆንም ሴሎቹ የተለያዩ ናቸው። ያ ልጅ የሚያወራው ስለ ብላስት ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሲቢሲ ማሽን ምልክት ብቻም አይወሰንም፣ ስላይዱ በሰው ዓይን ይታያል። “ኢማቹር ግራኑሎሳይት” የሚለው ለጋ ነጭ ሴል ነው፤ ኢንፌክሽንና እርግዝናም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። “ኢማቹር ሬቲኩሎሳይት ፍራክሽን” ደግሞ ከለጋዎቹ ቀይ ሴሎች መካከል የባሱት ለጋዎች ስንት እጅ እንደሆኑ ነው የሚናገረው፤ አይረን ጀምራችሁ ከፍ ካለ የምሥራች ነው። ደም ከለገሳችሁ፣ ከወለዳችሁ፣ ብዙ ደም ከፈሰሳችሁ በኋላ ሬቲኩሎሳይት ቢጨምር መቅኒያችሁ ሥራውን እየሠራ ነው። ለበዓል ከዋሽንግተን መጥታችሁ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳምንት ቆይታችሁ “እግረ መንገዴን ቼክአፕ ላድርግ” ብትሉም ትንሽ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ኦክስጅኑ ሲሳሳ ኩላሊት ማገዶውን ይጨምራል።

መጠንቀቅ ያለብን ኤንአርቢሲ የሚባለው ነው፤ ኒውክለሱን ሳይጥል የወጣ ቀይ ሴል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መታየቱ የተለመደ ነው፤ እናቶች አትደንግጡ። አዋቂ ላይ ሲታይ ግን “ለጋ ነው፣ ይበስላል” ተብሎ አይታለፍም። ደም በኃይል እየፈረሰ ወይም እየፈሰሰ፣ ኦክስጅን ክፉኛ አንሶ፣ ወይም መቅኒው ውስጥ ባዕድ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪም በጊዜ ማየት አለበት። እዚህ ላይም የላብራቶሪ ልጆች አንድ ግዴታ አለባችሁ። አንዳንድ ማሽን ኒውክለስ ያለውን ሁሉ ነጭ ሴል ብሎ ይቆጥራል። ነጭ ሴል 18,000 ብሎ ቢያወጣና ስላይድ ላይ በ100 ነጭ ሴል 50 ኤንአርቢሲ ብታገኙ፣ 18,000 በ100 ተባዝቶ ለ150 ይካፈላል፤ እውነተኛው 12,000 ነው። ይህን ሳታርሙ ስትልኩ “ከባድ ኢንፌክሽን አለበት” ተብሎ አንቲባዮቲክ ይወርድበታል።

የምትመልሱልኝን አውቀዋለሁ። “ማሽናችን ሬቲኩሎሳይት አያወጣም።” እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ ያሉት ማሽኖች አያወጡም። ማይክሮስኮፕ ግን አላችሁ። ሁለት ሦስት ጠብታ ደም፣ እኩል ጠብታ ቀለም፣ 37 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ፣ ስላይድ ላይ መቀባት፣ በመቶው ሌንስ በዘይት 1000 ቀይ ሴል መቁጠር። ቀለሙ ዱቄት ሆኖ የሚገዛ፣ አንዴ ተበጥብጦ ተጣርቶ ለብዙ ሰው የሚበቃ ነው። “በእጅ ሲቆጠር ልዩነቱ ብዙ ነው።” ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፤ ትክክል ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ስላይድ ቆጥሮ የተለያየ ቁጥር ያመጣል። ሃይንዝ ቦዲንም ሬቲኩሎሳይት ብሎ የሚቆጥር አለ። ነገር ግን የምንጠይቀው 1.4 ነው ወይስ 1.6 አይደለም። 0.3 ነው ወይስ 15 ነው የምንለው። ያንን በእጅ ቆጠራም አናጣውም።

“ሐኪሙ አያዝም” የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ሐኪሞቹ በበኩላቸው “ላብራቶሪው አይሠራም ብለን ማዘዝ አቆምን” ይላሉ። በመሐል ታካሚው አይረኑን ይውጣል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሰገራው ይጠቁራል፣ ተስፋ ቆርጦ ያቆማል። ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ለወባ በጊምዛ የተቀባው ቀጭን ስላይድ እጃችሁ ላይ ነው። ለጋዎቹ እዚያ ላይ ሰፋ ያሉ፣ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደሉ ሆነው ይታያሉ፤ ፖሊክሮማሲያ ብለን የተማርነው። “ፖሊክሮማሲያ በብዛት አለ” ወይም “ሄሞግሎቢኑ እንዲህ ወርዶ ፖሊክሮማሲያ የለም” ብሎ አንድ መስመር ለመጻፍ ምን ይፈልጋል? ዓይን ብቻ ነው።

አይረን አይሰጥ አላልኩም። የጀመራችሁም እንዳታቆሙ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ላይ የአይረን እጥረት ብዙ ስለሆነ ጀምሮ ማየት ተገቢ ነው። “ማየት” የሚለው ቃል ላይ ነው ጠቤ፤ ጀምሮ ማየት ማለት ተመልሶ መለካት ነው። አይረን ከሠራ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሬቲኩሎሳይቱ ብድግ ይላል፤ ሄሞግሎቢኑ ደግሞ በወር ውስጥ ቢያንስ 1 ግራም መጨመር አለበት። ሚኖትና መርፊ በ1926 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ፐርኒሸስ አኒሚያ ያለባቸውን 45 ሰዎች ጉበት አብልተው መዳናቸውን ሲያሳዩ፣ ቢ12 የሚባል ነገር ገና ስሙም አይታወቅም ነበር። ሕክምናው መቅኒውን መቀስቀሱን በቀናት ውስጥ የነገራቸው የሬቲኩሎሳይቱ መጨመር ነው። በ1934 ከዊፕል ጋር ኖቤል ተሸለሙ። እነሱ ያኔ በማይክሮስኮፕ ያዩትን እኛ ዛሬ “ሪሶርስ የለንም” እንላለን።

በአይረን ሦስት ወር ቆይታችሁ ለውጥ ያላያችሁ ወዳጆቼ፣ ሐኪማችሁን በትሕትና “ሬቲኩሎሳይት ተሠርቶልኛል ወይ? የደም ስላይዴንስ ያየው ሰው አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፤ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ጠይቁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ባለፈው አንድ ወር በምትሠሩበት ቦታ ስንት የሬቲኩሎሳይት ቆጠራ ተሠራ? ቁጥሩን ብቻ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የተቋማችሁን ስም አትጻፉ። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። የቀለሙን አበጣጠር የረሳ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ የእጅ ጽሑፌን ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። ሌሎቻችሁ እባካችሁ የውጤት ወረቀት ኮሜንት ላይ አትለጥፉ፤ ስማችሁና የካርድ ቁጥራችሁ ይታያል።